የአራዊት ማቆያ አሠራር

የአራዊት ማቆያ አሠራር አንድ አውሬ የሚኖርበትን አጥር፣ ወለል፣ መጠለያና የሰው መመልከቻ ከአውሬው ተፈጥሮ ጋር አስማምቶ የማዘጋጀት ሙያ ነው። የሙያው ብስለት ከግቢው ግዝፈት ይልቅ በጥቃቅኑ ነገር ይለካል፤ ጥላው በቀትር የት እንደሚወድቅ፣ እንስሳው ከሰው ዓይን መሸሽ ሲፈልግ የት እንደሚገባ፣ ጠባቂው ሲያጸዳ ወዴት እንደሚዛወር።

በኢትዮጵያ ታዋቂው ማቆያ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ ነው። የተቋቋመው በ1948 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን፣ መሥራቾቹ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ከደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል እንደመጡ ይነገራል። ክፍሎቹ በክብ ተሰድረው በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው። ዙሪያውን የሚሄድ ተመልካች ሁሉንም በቅርብ ያያል፤ አንበሳው ግን ከእይታ የሚሰወርበት ስፍራ ያጥረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት የግቢውን 15 አንበሶች መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ጥቁሩ ጋማቸው ደረታቸውን አልፎ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዘር የተሻለ ቤት ይገባዋል።

ፍርግርጉን በጉድባ የመተካት ሐሳብ በሰፊው ተግባራዊ የሆነው በ1907 እ.ኤ.አ. በጀርመን፣ ሐምቡርግ አጠገብ ነው። ካርል ሐገንቤክ አውሬዎቹ ምን ያህል እንደሚዘሉ እየፈተነ የጉድባውን ስፋት ወሰነ። ተመልካቹ አንበሳውን ያለ ብረት አየ፤ ጉድባው ራሱ ከፊት ለፊቱ በለመለመው ተክል ተሸፈነ። በኋላ መስታወት ሲመጣ ሌላ ብልሃት ተጨመረ። አንበሳ ሙቀት ስለሚወድ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለው አለት ከውስጥ ሲሞቅለት ማንም ሳያስገድደው መጥቶ ይተኛል።

ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በሚያልፍባት ሆለታ አቅራቢያ እንስሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል አለ። በቦርን ፍሪ ድርጅት የሚመራውና 77 ሄክታር የሚሰፋው ይህ ስፍራ ከሕገወጥ ንግድና ከእስር የተረፉ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችንና ጦጣዎችን ይንከባከባል። እዚህ ቅድሚያው የእንስሳው ነው፤ ቁጥቋጦው እንዳለ የተተወለት አንበሳ ሰው ሳያየው ሊውል ይችላል። በአጭር ሰንሰለት ለኖረ እንስሳ መሸሸጊያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጭላዳም በውጭ አገር ማቆያዎች ትልቅ ትምህርት ሆኗል። የኒው ዮርኩ ብሮንክስ መካነ አራዊት በ1990 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ደጋ አስመስሎ የሠራው ሰፊ ስፍራ ጭላዳዎችን የዋልያ ዘመድ ከሆነው የኑቢያ አይቤክስ ጋር አኑሯል። ጭላዳ ተቀምጦ ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ በአንድ ይነቅላል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅበት ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ይቀጥላል። ስለዚህ ሲሚንቶ ወለል አይሆነውም፤ ሣሩም ቶሎ ስለሚራቆት ሰፊ መስክ ይሻል። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደል ላይ በመሆኑ ጠባብ እርከን ያለው ከፍ ያለ አለት ያስፈልገዋል። ይህን የሚነፍገው ማቆያ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ጎዶሎ ነው።

በወለጋ ደኖች የሚኖረው ጉሬዛ ፍላጎቱ የተለየ ነው። ኑሮው በአብዛኛው ዛፍ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱ የለም ለማለት ይቻላል፤ በቀሩት አራት ጣቶቹ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ ይይዛል። ለእሱ የመሬቱ ስፋት ሳይሆን የቁመቱ ከፍታ ይቆጠራል። ከላይ የተዘረጉ ግንዶች፣ በመካከላቸው የሚዘለል ክፍተት፣ ከከፍታው ላይ የሚንጠለጠል ቅጠል ያሻዋል። ሆዱ ቅጠል አብላልቶ የሚፈጭ ስለሆነ ጣፋጭ ፍራፍሬ ይጎዳዋል፤ በመሆኑም የተመልካቹ አጥር ከዛፉ የሚርቀው ሙዝ ተወርውሮ በማይደርስበት ልክ ነው።