ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግተን ዲሲ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ

ከቦሌ እስከ ዋሺንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዋሺንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፍ የሚደረገው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን የሚደረገው ጉዞ ግን ይረዝማል፤ ዋናው ምክንያት ብዙ ተጓዥ ልብ የማይለው የቦሌ ከፍታ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የክንፉ የማንሳት አቅምና የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ መንገደኛ የሞላው አውሮፕላን ለመላው ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ የከፍታ ነፋስም ሲሄዱ ይገታል፣ ሲመለሱ ይገፋል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት 8 ነው፤ አሜሪካ ሰዓቷን በምታስቀድምባቸው ወራት ወደ 7 ዝቅ ይላል።