በውኃ የተከፈተ መዝገብ

በቦረና ምድር የውኃ ተራ እንዳሻው ሆኖ አያውቅም። በድሬ በኩል ካሉት፣ «ቱላ ሰግላን» ከሚባሉት ዘጠኝ የጥልቅ ጉድጓድ ስብስቦች ውኃ የሚወጣው፣ ወጣቶች ከላይ እስከ ታች ተደራርበው ቆመው፣ መቅጃውን በዜማ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚቆጣጠረው «አባ ሄሬጋ» ነው። ተራ ያዛባ ሰው በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል።

ሌላም ከቦረናዎች የወረስነው ሐሳብ አለ። አንድ የገዳ ዘመን ያሳለፈው ዕጣ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ከትውልዶች በኋላ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ፤ «ዳጪ» ነው ስሙ። የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ የጻፉት መጽሐፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ነገሌ ቦረና የአንድ ዘመን ፍጻሜ መነሻ የሆነችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ነገሌ ግን ቀድሞም አንድ ፍጻሜ አይታለች። በጥር 1928 የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ከተማይቱን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው የተሰደዱት በዚያው ዓመት ነው፤ ራስ ደስታም በተከታዩ ዓመት በጣሊያኖች ተረሸኑ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ፤ ወሩ ያው ጥር። ጥር 4 ቀን 1966 በነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር አመፀ። ምግቡ አይበላም፤ የውኃ ፓምፑም ተበላሽቷል። መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከልክለዋል። የውኃ ተራ በሕግ በሚጠበቅበት አገር ይህ እንዴት እንደሚታይ አንድ እረኛ ቢጠየቅ ኖሮ ሳይነግራቸው አይቀርም ነበር። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱም የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወደ ነገሌ ላኩ።

የወንጀል ልብ ወለድ መርማሪ ማስረጃውን በአጉሊ መነጽር ያያል። ጄኔራሉ ግን ቀመሱት። ወታደሮቹ ይዘዋቸው፣ እኛ የምንበላውን ብሉ፣ የምንጠጣውን ጠጡ አሏቸው። ምርመራው በዚያ ማዕድ ላይ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጥፋቱም አጥፊውም ተለይቷል። ወሬው በሠራዊቱ ሬዲዮ ከሰፈር ሰፈር ተሻገረ። በየካቲት ደብረ ዘይት፣ ቀጥሎ አሥመራ ተነሡ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወረደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምርመራ ይበልጥ ያሳስበኛል። የወሎን ረሃብና የባለሥልጣናቱን ጥፋት እንዲያጣራ፣ በመስፍን ወልደ ማርያም ሰብሳቢነት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰነድ ሰበሰበ፤ ትናንት ቀና ብለው የማያዩዋቸውን ሰዎች ቃል ተቀበለ። የሚመረምረው ዓለም ግን በእጁ ላይ እየፈረሰ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑ ወረደ። ኅዳር 14 ሌሊት ሥልጣኑን የያዘው ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። በነገሌው ማዕድ የተቀመጡት ድረሴ ዱባለ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ፤ የራስ ደስታ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታም እንዲሁ። በዳጪ የሚያምን ሰው የነገሌ ሁለት ጥሮች በአንድ ሌሊት መገናኘታቸውን ሰምቶ ዝም አይልም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ተጠርጣሪው ከፍርድ በፊት ሲገደል መዝገቡም አብሮት ይሞታል። የወሎን ሞት ማን ደበቀው ለሚለው ጥያቄ ምስክሮቹ ጉድጓድ ወረዱ። የንጉሠ ነገሥቱ አሟሟት እንኳ በሕመም ተብሎ ተነገረ፤ አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር የወጣው በ1984 ነው።

ወደ ቦረና እንመለስ። ቆላውን ከ2013 እስከ 2015 ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከዳው። ከብቱ አለቀ፤ ሰው ሰፈሩን ለቅቆ በዱብሉቅ መጠለያ ተጠጋ። ብዙ ሽማግሌ የዘመን መጨረሻ መሰለው ቢባል አይፈረድበትም። በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ይታደሳል፤ አባ ገዳውም ሳይቀር ስለ ሥራው ይጠየቃል፣ ጥፋት ከተገኘበትም ይሻራል። እነዚያ አምስት ወቅቶችም በጋዮ የዛፍ ጥላ ሥር ይነሣሉ፦ ዝናቡ የፈጣሪ ነው፤ ግጦሹን ማን አጠረው፣ እርዳታው ለምን ዘገየ፣ ጉድጓዱ ሲደፈን ማን ዝም አለ? መልስ የሚሰጠው ሰው በሕይወት ቆሞ ይጠየቃል።