በሞዴል አውሮፕላን ላይ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ገጽታ

የሚሽከረከር ፕሮፔለር ገጽታ በትንንሽ ሞዴል አውሮፕላኖች ላይ ፕሮፔለሩ በበረራ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲታይ የሚደረግበት የሞዴል ሥራ ዘዴ ነው። በማቆሚያ ላይ አየር ውስጥ እንዳለ ሆኖ የተሰቀለ ሞዴል፣ የፕሮፔለሩ መቅዘፊያዎች ቆመው ከታዩ ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን ይመስላል። ስለዚህ ሠሪው መቅዘፊያዎቹን በግልጽ ክብ ፕላስቲክ ይተካቸዋል፣ ወይም በጥቃቅን ሞተር ያሽከረክራቸዋል።

ዓይን የሚያየው

አንድ ነገር በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ጊዜ ያህል ሲመላለስ ዓይን ለይቶ መከተል ያቅተዋል፤ የተያያዘ ሆኖ ይታየዋል። ባለ 3 መቅዘፊያ ፕሮፔለር በደቂቃ 1,150 ጊዜ ቢሽከረከር፣ በአንድ ነጥብ ላይ በሰከንድ 57 ጊዜ ያህል መቅዘፊያ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ስስ ጥላ ነው።

ጥላው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከ3ቱ መቅዘፊያዎች እያንዳንዱ 20 ሴ.ሜ. ስፋት ቢኖረው፣ ከእምብርቱ 40 ሴ.ሜ. ርቀት ላይ የክቡን ዙሪያ 24 በመቶ ይሸፍናሉ፤ 1.6 ሜትር ላይ ግን 6 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ጥላው ወደ እምብርቱ ጠቆር፣ ወደ ጠርዙ ሳሳ ይላል። የመቅዘፊያው ጫፍ ቢጫ ከተቀባ በጠርዙ ላይ ቀጭን ቢጫ ቀለበት ይታያል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ ቀለም በማብዛት ነው፤ ክቡ ከኋላው ያለውን ነገር በግልጽ ማሳየት አለበት።

በክብ ፕላስቲክ መሥራት

ከዕቃ ማሸጊያ ላይ ግልጽና ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ተመርጦ በኮምፓስ ልክ ይቆረጣል። ጠርዙ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከዚያም በጣም የቀጠነ ግራጫ ቀለም ከእምብርቱ ወደ ውጭ በመርጫ ይነፋል፤ ያለ መርጫ በእርሳስ ብናኝና በጥጥ ማሸት ይቻላል። እምብርቱ ከዋናው ፕሮፔለር ተቆርጦ መሐል ላይ ይለጠፋል። ሱፐር ግሉ በሚተነው ጭሱ ግልጽ ፕላስቲክን ስለሚያደበዝዝ፣ ለማጣበቅ ነጭ ኮላ ይመረጣል።

በሞተር ማሽከርከር

ከተበላሸ የሞባይል ስልክ የሚወጣው የንዝረት ሞተር ለዚህ ያገለግላል። በመርካቶ፣ ምናለሽ ተራን በመሰሉ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡባቸው ቦታዎች እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮችን መፈለግ ይቻላል። ንዝረቱን የሚፈጥረው በአንድ ጎን ያደላው ክብደት ከዘንጉ ላይ ይነቀልና ፕሮፔለሩ በቦታው ይገባል። ሞተሩ በ3 ቮልት ያህል፣ ማለትም በሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ይሠራል፤ ሽቦው በማቆሚያው ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ከእውነተኛው ፕሮፔለር እጅግ ስለሚፈጥን በሬዚስተር ይቀዘቅዛል። መቅዘፊያዎቹ በክብደት እኩል ካልሆኑ ሞዴሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሊነቀሉም ስለሚችሉ ሲሞከር ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 አውሮፕላን ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሞተሩ ላይ ባለ 3 መቅዘፊያ ፕሮፔለር ነበረው። የፕሮፔለሩ ስፋት 3.5 ሜትር ያህል በመሆኑ በ1፡144 መጠን ክቡ 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አየር መንገዱ በአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው400 ደግሞ ባለ 6 መቅዘፊያ ነው፤ የ4.1 ሜትሩ ፕሮፔለር በዚሁ መጠን 28 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። መቅዘፊያው ስለበዛ የኪው400 ጥላ ጠቆር ይላል።

በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት በኢትዮጵያ የተሠራችው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ ስሟ ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የተወሰደ ነው። በጣሊያን ለብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሞዴሏን በሙዚየም ውስጥ እንዳለች የሚሠራ ሰው መቅዘፊያዎቹን አቁሞ ያሳያል፤ በ1928 ዓ.ም. በአየር ላይ እንደነበረች ለማሳየት የፈለገ ግን ስሱን ጥላ መሥራት አለበት።