መስማት ለተሳናቸው የሥዕል ትምህርትና የክፍል ሥርዓት

በደቡባዊው አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስያሜውን ያገኘው ድምፅን ያለ ሽቦ በአየር ከሚያሻግረው የመገናኛ መሣሪያ ነው። ዛሬ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚጠቃለለው በመካኒሳ ግን፣ ድምፅ የማይደርሳቸው ሕፃናት በእጅ ምልክት ፊደል የሚቆጥሩበት ትምህርት ቤት ከተተከለ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአሜሪካውያን የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን የተመሠረተ ሲሆን፣ በአገራችን በዚህ ዘርፍ ፈር ከቀደዱት ተቋማት አንዱ ነው። ለመሆኑ የተማሪው ዐይን በአንድ ጊዜ ጆሮም የሥዕል መሣሪያም በሚሆንበት ክፍል ውስጥ ሥርዓት ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው የዛሬ ብቻ ሳይሆን ረዥም ታሪክ ያለው ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ጥንታዊው የቤተ ክህነት ትምህርት የቆመው በቃል ላይ ነው። ንባቡም፣ ዜማውም፣ ቅኔውም ከመምህሩ አንደበት ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ይተላለፋል። ዐይነ ስውራን ሊቃውንት በዜማና በትርጓሜ ወንበር እስከ መያዝ ሊደርሱ የቻሉትም ከዚሁ የተነሣ ነው። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ይኸው በር የተዘጋ ነበር። በአንጻሩ የሥዕል ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለሙያ ወደ ረዳት የተላለፈው ይበልጡን በማየት ነው። ረዳቱ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ግድግዳ ሲለሰን፣ የቅዱሱ ፊት በመስመር ሲነደፍ እያየ ይማራል። ስለዚህ አንደኛው የጆሮ፣ ሌላኛው የዐይን ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

የዓለም ታሪክም ይህንኑ ያመለክታል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ስፔናዊው ሁዋን ፈርናንዴዝ ደ ናቫሬቴ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሲሆን፣ ሥዕልን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1568 የንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ ሠዓሊ ለመሆን በቅቷል። በፈረንሳይ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አባ ደ ሌፔ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይኸው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1817 በሎራን ክሌርና በቶማስ ጋሎዴት አማካይነት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወገድና ትምህርቱ በንግግር ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚያ ወዲያ በአያሌ አገሮች መልካም ሥነ ሥርዓት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሆነ። በእጁ ሲናገር የተገኘ ሕፃን ይቀጣ ነበር። ራሳቸው መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ተገፉ። ዓለም አቀፉ ጉባኤ የሚላንን ውሳኔ በይፋ የሻረው ከ130 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

በኢትዮጵያ ሚሲዮናውያኑ ይዘውት የመጡት የአሜሪካ ምልክት በአገሬው ተማሪዎችና መምህራን እጅ እየተለወጠ የራሱን መልክ ያዘ። በተለይም የጣት ፊደላችን የኢትዮጵያውያን የራሳቸው የጥበብ ውጤት ነው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያመለክት፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ይለያል። በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለአካል ጉዳተኞች ትምህርት ቦታ ሰጠ። ቀደም ብሎ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዐይንን የሚያሠለጥነው ተቋምና በዐይናቸው የሚያዳምጡ ሕፃናት ትምህርት ቤት በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ መወለዳቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የሥዕል መምህሩ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሚሰማ ተማሪ ፊት የቆመ መምህር እየሣለ ይናገራል፤ ተማሪውም እየሣለ ያዳምጣል። መስማት በተሳነው ተማሪ ፊት ግን ብሩሽ የያዘ እጅ መናገር አይችልም፤ ወረቀቱን የሚያይ ተማሪም የመምህሩን ቃል አያገኝም። ስለሆነም የማሳያው ጊዜና የሥራው ጊዜ መለየት አለባቸው። መምህሩ አስቀድሞ በምልክት ያስረዳል፤ ቀጥሎ እጁን ለሥዕሉ ሰጥቶ ያሳያል፤ ከዚያም ተማሪው ያለ አቋራጭ እንዲሠራ ይተወዋል። ተማሪዎቹ በግማሽ ክብ ሲቀመጡ ሁሉም የመምህሩንና የጓደኞቻቸውን እጅ ያያሉ። መምህሩ መስኮትን ከጀርባው አድርጎ ከቆመ ግን ፊቱ ይጨልማል፤ ቃሉም አብሮ ይጠፋል። ትኩረት የሚሰበሰበው በጩኸት ሳይሆን መብራት ብልጭ በማድረግ፣ ጠረጴዛ በመምታት ወይም ትከሻን በቀስታ በመንካት ነው።

የሚሰማው መምህር በዚህ ክፍል ውስጥ የሚፈተነው በራሱ ልማድ ነው። ጸጥታን ከሥርዓት ጋር አንድ አድርጎ የቆጠረ መምህር፣ የወንበር መንቋቋትና የተማሪዎች ድምፅ ሲያውከው፣ የእጅ ጭውውታቸውንም እንደ ረብሻ ሲያይ፣ ሳያውቀው የሚላንን ፍርድ ይደግመዋል። ያ እጅ የተማሪው አንደበት ነው። ለሥዕል የተፈቀደለት እጅ ለንግግር ከተከለከለ፣ ተማሪው የሚያተርፈው የቀለም ጨዋታ ብቻ ይሆናል፤ ስለ ሠራው ሥራ የሚጠይቅበት፣ የሚሟገትበትና የሚተችበት ቋንቋ ያጣል። ያለ ትችት ደግሞ ጥበብ አያድግም።

እንግዲህ የመምህራን፣ የሠዓሊያንና የባህል ሠራተኞች ሁሉ ድርሻ ግልጽ ነው። ለእነዚህ ተማሪዎች ቀለምና ወረቀት ማቅረብ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን ቋንቋቸውን ሳይማሩ ጥበብን አስተምራለሁ ማለት በግማሽ መንገድ መቆም ነው። ድምፅን በነፋስ ለማሻገር ብልሃት የተገኘለት ዘመን፣ ቃልን በእጅ ለሚያሻግሩ ልጆች ክፍሉን ማስተካከል አይሳነውም።