ሴቲቱና ድመቷ በአንድ ወረቀት ላይ

«ፎቶግራፍ አይዋሽም» ይባላል። ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊልም ያጠበ ሰው ግን አባባሉን እምብዛም አያምነውም። ፊልሙን ሳያሽከረክሩ ሁለት ጊዜ ቢያነሱበት፣ ወይም ሁለት ኔጋቲቮችን በየተራ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያትሙ፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ነገሮች አንድ ገላ ሆነው ይወጣሉ።

ምስልን በምስል ላይ መደረብ ገና ከጥንቱ ለማታለያ ውሏል። በአሜሪካ ዊልያም መምለር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በደንበኞቹ ፎቶግራፍ ላይ የሟች ዘመዶቻቸውን «መንፈስ» እያሳየ ገንዘብ ሰበሰበ። በ1869 ኒውዮርክ ላይ በማጭበርበር ቢከሰስም ማስረጃ ጠፍቶበት ተለቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተገደለው የፕሬዚዳንት ሊንከን ባለቤት ሳይቀሩ ከካሜራው ፊት ተቀመጡ፤ ሟቹም ከኋላቸው ቆመው «ታዩ»። ሐዘንተኛ ማየት የሚፈልገውን ያያል።

ብልሃቱን ሳትደብቅ የሠራችበት ደግሞ ዋንዳ ዉልዝ ናት። በ1903 ትሪየስተ ውስጥ ተወለደች። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ሥር ነበረች፤ ኋላ የኢጣሊያ ሆነች። አያቷ በ1868 ያቋቋሙትን ፎቶግራፍ ቤት አባቷ ያዙት፤ እሳቸው በ1928 ሲሞቱ ለእርሷና ለእኅቷ ለማርዮን ደረሰ። የዕለት እንጀራቸው እንደማንኛውም ፎቶ ቤት የደንበኛን መልክ አሳምሮ ማውጣት ነበር።

በ1932 ግን ዋንዳ አንዱን ኔጋቲቭ ከራሷ ፊት፣ ሌላውን ከቤታቸው ድመት ፊት ወስዳ በአንድ ወረቀት ላይ አተመቻቸው። ከጉንጮቿ የድመት ጢም ተዘረጋ፤ ግንባሯን ጠጉር አለበሰው፤ የሴቲቱ አፍንጫ የት አልቆ የድመቷ የት እንደሚጀምር መለየት ያዳግታል። ርዕሱ «እኔ + ድመት» ይላል። መምለር የደበቀውን ሒሳብ እርሷ በርዕሷ ላይ አስቀመጠችው።

በዚያው ዓመት ሥራዎቿ ትሪየስተ በተከፈተው የፉቱሪስቶች የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ታዩ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የፉቱሪዝም መሥራች ባለቅኔው ማሪኔቲ በ1909 ባወጣው መግለጫ ፍጥነትን፣ መኪናንና ጦርነትን ያወደሰ ሰው ነው። በ1930 ታቶ ከተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ባዘጋጀው መግለጫም የምስሎችን መደራረብ ከአዲሱ ጥበብ መንገዶች ቆጥሮታል። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ይኸው ባለቅኔ ወዶ ዘማች ሆኖ መጣ። ከጥቁር ሸሚዞች ክፍለ ጦር ጋር ተምቤን ላይ ተሰለፈ። በጥር 1928 ዓ.ም. የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር ያንን ክፍለ ጦር ከቦ ሲያስጨንቀው ኢጣሊያኖች የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አወረዱ። ማሪኔቲ ያወደሰው መኪና እንግዲህ ይህ ነበር። አገሩ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ1937 ስለዚያው ክፍለ ጦር ቅኔ አሳተመ።

ታዲያ ሥዕሉን ከማሪኔቲ ጋር አብረን እንጣለው? እኔ አይመስለኝም። የእርሱ ሕልም ሰውን ከብረት ጋር ማዋሐድ ነበር፤ እርሷ ግን ፊቷን ያዋሐደችው ምድጃ ዳር ከምትተኛ እንስሳ ጋር ነው። ከፉቱሪስቶች ጋር የነበራትም ጉዞ አጭር ነበር፤ ወደ ደንበኞቿ ተመልሳ ፎቶግራፍ ቤቱ በ1981 እስኪዘጋ ድረስ በሙያው ቆየች። በ1984 አረፈች።

ይሁንና ሥዕሉ የተሰቀለበትን ግድግዳ መርሳትም አይገባም። ዋንዳ ራሷ እንዳስተማረችን ሁለት ኔጋቲቮች አንድ ወረቀት ላይ ከታተሙ በኋላ አንደኛውን ብቻ ፍቆ ማውጣት አይቻልም። ሥዕሉን የሚያደንቅ ኢትዮጵያዊ ከድመቷ ጢም በስተጀርባ ተምቤንንም ቢያይ የዓይኑ ስሕተት አይደለም።