ከፕላዝማ እስከ ቻትጂፒቲ፦ መምህሩን ማን ጠየቀው?

«መምህርን የሚተካ ማሽን መጣ» የሚለው ወሬ ከሰው ሰራሽ አስተውሎት ጋር የተወለደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዳይመስላችሁ! ወሬው ከወላጆቻችን ሳይበልጥ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1953 የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ቢ. ኤፍ. ስኪነር የልጁን የሒሳብ ክፍል ሊጎበኝ ሄደ። ያየው አላስደሰተውም። ተማሪዎቹ የሠሩት ልክ ይሁን ስህተት ወዲያው አይነገራቸውም፤ ፈጣኑም ዘገምተኛውም የሚነዳው በአንድ እርምጃ ነው። ስኪነርም «የማስተማሪያ ማሽን» ወደ መሥራት ገባ። ማሽኑ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ልክነቱን እዚያው ያያል፣ በራሱ ፍጥነትም ይቀጥላል።

ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ማሽኑ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ የመጣው ግን ስኪነር የሸሸውን በሽታ ተሸክሞ ነው። በ1997 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ይሰራጫል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በፍጥነት በዝቷል፣ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ጠፍቷል፣ የገጠሩ ልጅም የከተማውን ያህል እንዲማር ተፈልጓል።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ቢሆን 30 ያህሉን የሚወስደው ፕላዝማው ነው። ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ይተርፈዋል። ፕላዝማው ደግሞ አይቆምም። በዚያ ያለፈ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት ነገር አለች፦ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስለት «ጎበዝ፣ ልክ ነህ!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ይስቃል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ።

ለዓመታት ከፕላዝማ ጎን የቆሙ አንድ የፊዚክስ መምህሬን ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኳቸው። ማማረር ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፕላዝማን እንኳ በደፈናው አይኮንኑም። በእሳቸው እምነት ፕላዝማው የሚናገረው አብዛኛው ልክ ነበር፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራን በዓይን አሳይቷል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ከኋላ ወንበር ያለችው ልጅ ግንባሯን ስትቋጥር አያይም። መምህሩ ያያል፤ የማቆም ሥልጣን ግን የለውም።

ከዚያ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተለቀቀ። ይኼኛው የፕላዝማ ተቃራኒ ነው። ይጠብቃል፣ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለችም፣ በአማርኛም ይመልሳል። መምህሬ ራሳቸው ለፈተና ጥያቄ ማዘጋጃ ይጠቀሙበታል። የሚያሰጋቸው ተማሪው ገና ሳይታገል መልሱ መድረሱ ነው። ፕላዝማ ሳይገባህ ያልፍሃል፤ ይኼ ደግሞ ሳይገባህ ያሳልፍሃል።

ምሳሌያቸው ከጓዳ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ስንት ይበላል? 7 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ ተማሪ «ዋት» የሚለውን «ኪሎዋት» ብሎ ጻፈና ጠየቀ፤ ማሽኑም ሳያቅማማ 7,000 አለው። ልጁ ገልብጦ አስረከበ። እናቱን ቢጠይቃት ኖሮ «በዚህ ሒሳብማ ቤቱን ሸጠን ነው መብራት የምንከፍለው» ትለው ነበር። ማሽኑ ቃል ከቃል እያዛመደ ቀጣዩን ይገምታል እንጂ ምጣድ አልጣደም። አሁን መምህሬ የማሽኑን መልስ ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ስህተቱን ፈልጉ» ይላሉ። የቤት ሥራው ይኼ ሆኗል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህንን ሁሉ በፕላዝማ ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን መልስ መያዝና ማወቅ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚያ ቁጥር በላይ የሚነግረን የለም።

እንግዲህ ከታሪኩ የምወስደው ይህን ነው። በ1997 ዓ.ም. የጎደለን ቴክኖሎጂ አልነበረም፤ ሳተላይቱም ስክሪኑም ነበር። የጎደለው «አንዴ ቆይ፣ ይህ ልጅ አልገባውም» የሚል ሰው ሥልጣን ነው። ዛሬም አስተውሎቱን ወደ ክፍል የሚያስገቡ ሰዎች መምህሩን የሚያስታውሱት በመጨረሻ፣ ለሥልጠና ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ፊልም በአዲስ ስክሪን ልናየው ነው ባይ ነኝ። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ጠመኔ የያዘው ሰው ይሁን። ተማሪውን በስሙ የሚያውቀው እሱ ነው።