ጭነቱን ማውረድ

እህቶቼ፣ ዛሬ በድሮ ጊዜ በዚህ በዐረብ አገር የጋማ ከብትና ግመል እንዴት ይታከሙ እንደነበር አጫውታችኋለሁ።

ማዳም ድመቷን በምታሳክምበት ክሊኒክ በር ላይ «በይጠሪ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ቃሉ አሮጌ ነው። ያን ጊዜ በደማስቆና በካይሮ «በይጣር» የሚባለው ባለሙያ ሰኮና ያስተካክል፣ ብረት ይመታ፣ የታመመውንም እንስሳ ያክም ነበር።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሶሪያ የነበረው አል-ሸይዘሪ፣ «ሙህተሲብ» ለሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ውስጥ እንስሳን ማከም ሰውን ከማከም ይከብዳል ይላል። ለምን? እንስሳ አፍ የለውም፤ እዚህ ጋ አመመኝ አይልም። ስለዚህ በይጣሩ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ሕመሙን ማግኘት አለበት። ሳያውቅ ደም ቢያወጣ፣ ቢቆርጥ ወይም በእሳት ቢተኩስና እንስሳው ቢሞት ወይም ቢጎዳ፣ ከዋጋው የጎደለውን ይከፍላል፤ ሙህተሲቡም ይቀጣዋል።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን ሌላው ትእዛዝ ነው። እንጨትና ገለባ ጭነው የመጡ ሰዎች ገበያ ላይ ሲቆሙ ጭነቱን ከእንስሳው ጀርባ ማውረድ አለባቸው። እንስሳው ባይራመድም ተሸክሞ መቆሙ ራሱ ሥቃይ ነው ይላል መጽሐፉ። አገር ቤት ገጣባ አህያ ያየች ሁሉ ይህ ይገባታል።

እ.ኤ.አ. በ1262 ካይሮ ውስጥ የሞተው የሕግ ሊቅ ኢዝ አል-ዲን ኢብን አብድ አል-ሰላም ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። እንስሳው ከአቅሙ በላይ አይጫን፤ አርጅቶ ወይም ታሞ የማይጠቅም ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይቀልበው ብሎ ጻፈ።

ሁሉም ሰው ይህን ይፈጽም ነበር ማለቴ አይደለም። ሕግ የሚጻፈው የሚበድል ስላለ ነው። ግን አስቡት፤ አፍ ለሌለው እንኳ ዕረፍትና ቀለብ የባለቤቱ ችሮታ ሳይሆን ግዴታው ነበር።

እኛ ሰዎች ነን፤ አፍም አለን። እንግዳ እስኪሄድ እኩለ ሌሊት ድረስ ቆሞ መጠበቅ ሥራ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ወገባችሁን ሲያማችሁም «ምንም አይደለም» አትበሉ። ማንም ዳስሶ አያገኝላችሁም። «ዛህሪ ዩጂዑኒ»፣ ጀርባዬን ያመኛል ማለት ነው። ዛሬ ሳትሄዱ አብረን እንለማመዳት።